ቱቦው ሲጠብ፣ ማርሚታው ሲሰፋ

ልጄ፣ የአባትህን ፊያት 124 ከቆመችበት ልታስነሳት መወሰንህን የሰማሁ ቀን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ከደስታ ነው። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እሑድ እሑድ ያቺን መኪና በገዛ እጁ ሲያጥባት ውሃ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። አሁን ማርሚታዋ በስብሶ ወድቋል። ሶማሌ ተራ ወርደህ ጤነኛ የሚመስል ማርሚታ አገኘህ፤ ግን አፉ ከመኪናዋ የጭስ ቱቦ ይሰፋል። «ልግዛው ወይስ ልተወው?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ይህ በስልክ አዎ ወይም አይ ተብሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። 40 ዓመት ከመኪና ሥር ተኝቼ ያገኘሁት ዕውቀት አብዛኛው የእጅ ነው፣ ወደ ወረቀት ለመውጣት ያስቸግራል። ቢሆንም የቻልኩትን በተራ ቁጥር አስቀምጬልሃለሁ። መኪናዋ ሥር ስትገባ ይዘኸው ግባ።

1. ከመግዛትህ በፊት ለካ

ሻጩ «ልክክ ይላል» ይልሃል። ሊያታልልህ ፈልጎ አይደለም፤ መኪናህን ስላላያት ነው። ልክ የሚናገረው ካሊፐር ነው። ካሊፐር ከሌለህ ክር በቱቦው ዙሪያ አንድ ጊዜ ጠምጥመህ የተገናኘበት ላይ ምልክት አድርግ፤ ዘርግተህ በማስመሪያ ለካው፤ ያገኘኸውን ለ3.14 አካፍል። ክሩ 141 ሚሊሜትር ከሆነ የቱቦው ዲያሜትር 45 ነው፤ 157 ከሆነ 50 ነው።

ዝገት የበላው ጫፍ ላይ አትለካ። ዝገት ቱቦን ከውጭ ያሳብጠዋል፣ ከውስጥ ያሣሣዋል። በሽቦ ብሩሽ አጽዳውና ከጫፉ አንድ ስንዝር ገባ ብለህ ጤነኛው ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ለካ፣ አንዴ ከላይ ወደ ታች፣ አንዴ ከጎን ወደ ጎን። ሁለቱ ልኮች ከተለያዩ ቱቦው ተጨፍልቋል፤ ከሁሉ በፊት ክብነቱን መመለስ አለብህ።

ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት ቀጥሎ ባለው ነው። የውጭ ልክና የውስጥ ልክ ይለያያሉ። ግድግዳው 1.5 ሚሊሜትር የሆነ፣ ውጩ 45 የሚለካ ቱቦ፣ ውስጡ 42 ነው። ስለዚህ ውጩ 42 የሆነ ቱቦ ጥብቅ ብሎ ይገባበታል። ሌላ የ45 ቱቦ ግን ጫፍ ለጫፍ ይገናኘዋል እንጂ አይገባበትም። የመኪናዋ ቱቦ ወደ ማርሚታው አፍ የሚገባ ከሆነ የአፉን የውስጥ ልክ ውሰድ፤ በአፉ ላይ የሚጠልቅ ከሆነ የውጩን። ሁለቱንም ጻፋቸው። እኔ ጠመኔ ይዤ እዚያው ቱቦው ላይ እጽፋለሁ፤ ወረቀት ይጠፋል።

የመኪናህ ቱቦ ስንት እንደሚለካ ከዚህ ሆኜ አልነግርህም። ከፋብሪካ ይዛው የመጣችውን ቱቦ ከጣለች ዘመን አልፏታል፤ አባትህ ራሱ ሁለት ጊዜ ሲያስቀይር አውቃለሁ። ከዚህ በታች የምሰጥህ ቁጥሮች ምሳሌ ናቸው። በራስህ ልክ ተካቸው።

2. «ኢንች» የሚል ቃል ሲመጣብህ ንቃ

ፊያት፣ ፔጆ፣ ቮልስና ላዳ በሚሊሜትር የተሠሩ ናቸው። ገጠሩን ሁሉ ያዳረሰው አሮጌው ላንድሮቨር ግን እንግሊዛዊ ነው፣ ልኩ በኢንች ነው። አንድ ከሦስት አራተኛ ኢንች 44.45 ሚሊሜትር ነው፤ ከ45 ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ይጎድላል። 2 ኢንች ደግሞ 50.8 ነው፤ ከ50 ያልፋል። እንዲህ ያለ ልዩነት በዓይን አይታይም፣ ለጭስ ግን ክፍት በር ነው። አልገባ ያለውን ቱቦ በመዶሻ የሚያስገባ ሰው ደግሞ አፉን ያጣምመዋል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ማሰሪያ አያድነውም።

የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ኢንች ከዚህም ይለያል። «አንድ ተኩል ኢንች» ተብሎ የሚሸጥልህ የውሃ ቧንቧ ውጩ 48.3 ሚሊሜትር ነው፤ «አንድ ከሩብ» የሚባለው 42.4፣ «2 ኢንች» የሚባለው 60.3 ነው። የውሃ ቧንቧ ቆርጠው ለጭስ የሚያውሉ ጋራዦች ብዙ አይቻለሁ። እኔም ዕቃ በጠፋበት ዘመን አድርጌዋለሁ፣ ላንተ ግን አልመክርም። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ይከብዳል፤ ክብደቱ የማንጠልጠያውን ላስቲክ ይበጥሳል። ከሁሉ የሚከፋው ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ነው። የዚንክ ጭስ ነው፤ ቀን የተነፈሰውን ሰው ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። በዚህ ታምሞ የተኛ የሥራ ባልደረባ አስታምሜአለሁ።

3. ልኩን የሚወስነው ሞተሩ ነው፣ ገበያው አይደለም

ሞተርህ 1197 ሲሲ ነው፣ 60 የፈረስ ጉልበት። ፊያት 124ን እ.ኤ.አ. በ1966 ሲያወጣት ለቤተሰብ የታሰበች መኪና ነበረች፤ ተወዳም በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላለች። ለእሽቅድምድም የተሠራች አይደለችም። ቱቦ ስትመርጥላት ይህን አስብ።

ቱቦ ሲጠብ ወይም ሲሰፋ የጭሱ ማለፊያ የሚለወጠው በዲያሜትሩ ልክ እንዳይመስልህ፤ የዲያሜትሩን ስኩዌር ተከትሎ ነው። ውስጡ 42 የነበረውን ወደ 35 ብታጠበው 7 ሚሊሜትር ብቻ የቀነስክ ይመስልሃል፤ ጭሱ የሚያልፍበት ቦታ ግን በ30 በመቶ ገደማ ቀንሷል። እንጦጦ ዳገት ላይ ስትወጣ ሞተሩ ይታፈናል፤ ያልወጣው ጭስ አዲሱን አየር ቦታ ይነሣዋል፤ የጭስ ቫልቮላዎቹ ከልክ በላይ ይግላሉ። ስለዚህ ከሞተሩ እስከ ማርሚታው ባለው መንገድ ፈጽሞ አታጥብብ። ከማርሚታው በኋላ ግን ቱቦው ቀጠን ቢል ግድ የለም። ጭስ እየሄደ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝም ይሰበሰባል፤ ጅራቱ ጋ ሲደርስ የሚጠይቀው ቦታ አነስተኛ ነው። ብዙ መኪኖች ከፋብሪካም ጅራታቸው ቀጠን ብሎ ነው የሚመጡት።

ያንተ ጥያቄ ስለ ማስፋት ነው። ውስጡ 42 ከሆነ ቱቦ ወደ 47 ብትሄድ ቦታው በ25 በመቶ ይጨምራል። ያንተን ሞተር ይህ ብዙም አይጎዳውም፣ ብዙም አይጠቅመውም። ከዚያ ካለፍክ ግን የጭሱ ፍጥነት ይወድቃል፤ ቱቦው ቶሎ አይሞቅም፤ ውስጡ ውሃ ይቋጥራል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ እንደሚወጣው ብዙ ሹፌር አያውቅም። ቱቦው ከሞቀ ውሃው በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ካልሞቀ ማርሚታው ሆድ ውስጥ ይተኛና ብረቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። እሑድ ብቻ ተነሥታ አጭር መንገድ የምትሄድ መኪና በዚህ ከሁሉ በላይ ትጎዳለች፤ ያንተ እንዲህ ያለችው ናት። ድምፁም ያስጠላል፤ ትንሽ ሞተር በትልቅ ቱቦ ሲተነፍስ ባዶ በርሜል ውስጥ የሚያጉረመርም ይመስላል።

ደግሞ የምትነዳው አዲስ አበባ ነው፣ ከባሕር ጠለል 2300 ሜትር አልፈህ። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሞተርህ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር በዚያው ልክ ያንሳል፣ የሚተፋውም ጭስ እንዲሁ። ጣሊያን የበቃት ቱቦ እዚህ ይተርፋታል። «ሰፊ ቱቦ ጉልበት ይጨምራል» የሚሉህ ልጆች የሰሙት ስለ ሌላ ሞተር ነው።

እንግዲህ መልሴ ይኸውልህ። የማርሚታው አፍ ከቱቦህ የሚሰፋው እስከ 5፣ ቢበዛ 6 ሚሊሜትር ከሆነ ግዛው። 12 ወይም 15 ከሆነ ለሌላ መኪና የተሠራ ነው፣ ሆዱም የተለካው ለሌላ ሞተር ነው፤ ሌላ ፈልግ። ፈልገህ ካጣህ ብቻ ቁጥር 5 ላይ ወዳለው ሾጣጣ ና።

4. ነቅንቀው፣ አንኳኳው፣ ውስጡን እይ

አንሥተህ ነቅንቀው፤ ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ የውስጥ ግድግዳው ተፈቷል፣ ተወው። ያገለገለ ከሆነ ሆዱን በጣትህ አንኳኳ፤ ጤነኛ ብረት ይጮኻል፣ የዛገ ይደነዝዛል። ቀስት ካለበት ቀስቱ ወደ ጅራት ያመልክት። ከዚያ በባትሪ ውስጡን ተመልከት። ከአፍ እስከ አፍ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ብስ ብስ ያለ ቱቦ ካየህ በዙሪያው የመስታወት ጥጥ የታጨቀበት ነው፤ ጥጡ እያደር በኖ ያልቃል፣ መኪናዋም መጮኽ ትጀምራለች። ጭሱን በግድግዳ ወዲያና ወዲህ የሚያዞረውን ውሰድ።

«የላዳ ማርሚታ ለ124 ይሆናል» የሚል ሰው አታጣም። ላዳ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ቶሊያቲ ላይ የተመረተችው ከ124 ተወስዳ ነው፤ አንተ የምታውቃት ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ ስትሠራ ነው። በአካል እኅትማማቾች ናቸው፣ በሞተር ግን አይደሉም። የፊያትህ ካምሻፍት የሞተሩ አካል ውስጥ ነው፤ የላዳዋ ከላይ ቴስታታው ላይ ነው። ስለዚህ ከሞተሩ የሚወርደውን የፊት ቱቦ ከላዳ እወስዳለሁ አትበል። የኋላው ማርሚታ ሊሄድልህ ይችላል፤ ግን ላዳን ለመጥፎ መንገድ ብለው ከመሬት ከፍ አድርገው ስለሠሯት ሥር ገብተህ ማንጠልጠያውን ሳታመሳክር ገንዘብ አትክፈል።

5. መሸጋገሪያው

የሁለት ቱቦ ልክ መለያየቱ በራሱ ክፉ አይደለም። ክፉው ደረጃው ነው። ጭስ እንደ ጎርፍ ነው፤ ቦዩ ቀስ እያለ ሲሰፋ አብሮ ይሰፋል፣ ድንገት ገደል ካገኘ ግን ይሽከረከራል፣ ይጮኻል፣ ያለበትን ቦታ ይበላል። ሙያው ያለው ሁለቱን ልኮች ያለ ገደል ማገናኘት ላይ ነው። ለዚህ ነው ይህን ቁጥር ያስረዘምኩት።

አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ ጥብቅ ብሎ የሚገባ ከሆነ መሸጋገሪያ አያስፈልግህም። ከሞተር በኩል የሚመጣው ወደ ውስጥ ይግባ፣ ወደ ጅራት የሚሄደው ከላይ ይጥለቅ። ከገለበጥከው ጭሱ ከጫፉ ጋር ይላተማል፣ በክፍተቱም ይሾልካል። የጣሪያ ቆርቆሮ ስትደራርብ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አስበህ አይደል የምትደርበው? ልክ እንደዚያ ነው። የገባው ርዝመት ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር ይሁን። ከላይ የጠለቀው ቱቦ አፍ ላይ በብረት መጋዝ አራት ስንጥቅ አውጣ፤ ስንጥቁ ግን ከ3 ሳንቲሜትር አይለፍ፣ ካለፈ ጭሱ በስንጥቁ ይወጣል። ስንጥቅ የሌለው ቱቦ ማሰሪያው ምን ቢጠብቅ አይሰበሰብም።

ልዩነቱ 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ሲሆን ቶርኖ ቤት ሂድና እጅጌ አስቀርጽ። ቱቦህ ውጩ 45፣ የማርሚታው አፍ ውስጡ 50 ቢሆን፣ እጅጌው ውስጡ 45፣ ውጩ 50፣ ርዝመቱ 5 ሳንቲሜትር የሆነ ቀለበት ነው፤ ግድግዳው 2.5 ሚሊሜትር ይሆናል። እጅጌውን በቱቦህ ጫፍ ላይ አልብሰህ ዙሪያውን አስበይደው። ከዚያ በኋላ ቱቦህ የ50 ቱቦ ሆኖ ወደ ማርሚታው ይገባል፣ በማሰሪያ ይታሰራል፣ ማርሚታው ነገ ሲያረጅም ሳይቆረጥ ይወጣል። የእጅጌውን የኋላ ጫፍ ከውስጥ በኩል በሞረድ አስልለው፤ ያ 2.5 ሚሊሜትር ትንሽ ደረጃ ነውና።

ልዩነቱ ከዚህ ከበለጠ ሾጣጣ ያስፈልግሃል። እኔ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊሜትር የዲያሜትር ልዩነት 4 ሚሊሜትር ርዝመት እሰጠዋለሁ። ከ45 ወደ 57 የምትሄድ ከሆነ ልዩነቱ 12 ነው፣ ሾጣጣው 48 ሚሊሜትር ይረዝማል። ቢረዝም አይጎዳም፤ ካጠረ ግን ወደ ገደሉ ተመለስክ።

ሾጣጣ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው የትልቁን ቱቦ አፍ ማጥበብ ነው። የ57 ቱቦ ዙሪያው 179 ሚሊሜትር ነው፣ የ45 ዙሪያ 141 ነው፤ የሚተርፈው 38 ነው። ይህን 38 ለአራት ከፍለህ ከአፉ ላይ አራት ሽብልቅ ቁረጥ፤ እያንዳንዱ አፉ ላይ 9.5 ሚሊሜትር ይሰፋል፣ 48 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ሲገባ ነጥብ ሆኖ ያልቃል። አራት ምላስ ይቀርሃል። ምላሶቹን ተራ በተራ፣ ትንሽ በትንሽ በመዶሻ ወደ ውስጥ አጠጋጋቸው። አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው አትሂድ፤ አፉ ይጣመምብሃል። ጫፍ ለጫፍ ሲሳሳሙ አፉ 45 ሆኗል፤ አራቱን መስመር አስበይድ።

ሁለተኛውን ያስተማረኝ የጋራዥ ሰው አይደለም፣ ምናለሽ ተራ የነበረ ቆርቆሮ ሠሪ ነው። ሾጣጣውን ከላሜራ መዘርጋት ነው። ላሜራው ላይ ሚስማር ምታ፤ በሚስማሩ ክር አስረህ 230 ሚሊሜትር ርቀት ላይ ቅስት አስምር፤ ከዚያው ሚስማር 181.5 ሚሊሜትር ላይ ሁለተኛ ቅስት አስምር። ከሚስማሩ ተነሥተህ 45 ዲግሪ የሚከፈት ማእዘን አውጣ፣ በሁለቱ ቅስቶችና በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን ቁረጥ። ማራገቢያ የመሰለ ቁራጭ ታገኛለህ። ጠቅልለህ ጫፎቹን ስታገናኛቸው ሰፊው አፍ 57፣ ጠባቡ 45፣ ርዝመቱ 48 ይሆናል። የሰውዬው እጅ ይህን ሁሉ ያለ ቁጥር ያውቀው ነበር፤ እኔ ወደ ቁጥር የቀየርኩት ኋላ ነው። በካርቶን ሞክረውና ሲስማማህ ወደ ላሜራው እለፍ። ላሜራው ከ1.5 ሚሊሜትር አይሣሣ፤ ስስ ላሜራ ያቃጭላል፣ ቶሎም ይበሳል።

6. ቱቦ ሕይወት አለው፣ አትሰረው

ብረት ሲግል ይረዝማል። 3 ሜትር ቱቦ በአማካይ በ300 ዲግሪ ቢግል 11 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ሞተሩም በጎማ ላይ ስለተቀመጠ ሲነሣና ሲጠፋ ይወዛወዛል። ስለዚህ ቱቦውን ከቦዲው ጋር በሽቦ ጠፍረህ ወይም በይደህ ብትይዘው የሆነ ቦታ ይሰነጠቃል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ደግሞ አዲስ የበየድከው ሾጣጣ ላይ ነው። በላስቲክ አንጠልጥለው። ከወለሉ፣ ከፍሬን ቱቦና ከነዳጅ መስመር ቢያንስ ሁለት ጣት ይራቅ፤ መኪናዋን በእጅህ እያናወጥክ የትም እንደማይነካ እይ።

የዩ ቅርጽ ያለው ማሰሪያ ርካሽ ነው፣ ይይዛል፤ ግን ሁለቱንም ቱቦ ስለሚጎዳ በኋላ ሳትቆርጥ አትለያያቸውም። ሰፋ ያለ ቀበቶ መሳይ ማሰሪያ ካገኘህ እሱን ውሰድ። ሁሉንም መጋጠሚያ መጀመሪያ ላላ አድርገህ ግጠም፤ ማርሚታው ቀጥ ብሎ ሲንጠለጠል ከሞተሩ ጀምረህ ወደ ጅራት አጥብቅ። አንዱን ከማስተካከልህ በፊት አጥብቀህ የምትሄድ ከሆነ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ይሆንብሃል።

7. ስትበይድ

ማርሚታውን አውልቀህ፣ ከመኪናዋ ርቀህ በይድ። የነዳጅ ታንከሯ ከኋላ ነው፣ ማርሚታውም ከኋላ ነው፤ ይህን ብቻ ካስታወስክ ሌላ ምክንያት አልነግርህም። እዚያው ላይ ነጥብ መያዝ ግድ ከሆነ የባትሪውን ሽቦ ንቀል፣ አሸዋና ውሃ አጠገብህ ይኑር፣ ሁለተኛ ሰው ይቁም። ማኒፎልዱ ላይ ያለው አሮጌ ጓርኒሲዮን አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል ደረቁን አትፋቀው፤ በውሃ አርሰህ አንሣው፣ በላስቲክ ቋጥረህ ጣለው። በዚያ ዘመን አብዛኛው ጓርኒሲዮን እሱ ነበር፤ እኛ በአፋችን እፍ እያልን አቧራውን እናራግፍ ነበር።

8. ጅራቱን አታሳጥር

ይህን እንድታነብ ብቻ ብዬ ሌላውን ሁሉ ልተው እችል ነበር።

ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ለአንድ ቤተሰብ መኪና ማርሚታ ገጠምኩ። ቱቦው ልኩ አልመጣ ብሎኝ ሁለት ቦታ ቀጥዬ ነበር፤ መጨረሻ ላይ አንድ ክንድ የሚያህል አጠረኝና ጅራቱን ከኋላው ሣጥን ወለል ሥር ተውኩት። ድምፁ ደኅና ነበር፤ ማንም አያየውም ብዬ አሰብኩ። ቤተሰቡ በብርድ ወቅት ወደ ደብረ ብርሃን ሲሄዱ መስኮት ዘግተው ነበር። የኋላው ሣጥን ላስቲክ ያረጀ ነው፤ ጭሱ በዚያ ገባ። ከኋላ የተኙት ሁለት ልጆች ሲጠሯቸው አልነቃ አሉ። እናትየው ራሷን አሟት ስለነበር ጠረጠረች፣ አስቆመች፣ በሮቹን ከፈተች፣ ልጆቹን ንፋስ ላይ አወጣቻቸው። ተረፉ። በማግስቱ መኪናዋን ይዘውልኝ መጡ፤ አባትየው አልተቆጣኝም፣ ዝም ብሎ ጅራቱን አሳየኝ። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። በዝግ ቤት ውስጥ ከሰል አጭሰው ያደሩ ሰዎችን የሚገድለው ያው ነው። መኪና ላይ ስለሆነ የተለየ አይምሰልህ። የጭስ ሽታ ካለ አደጋው አለ ማለት ነው፤ ሽታ የለም ማለት ግን ደኅና ነው ማለት አይደለም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ያልጠበቅከው እንቅልፍ ከመጣብህ አቁም፣ ውረድ። ካርቡራተርዋ ለከፍታው ካልተስተካከለ ደግሞ ነዳጅ ይበዛባታል፣ ከዚህ ጋዝም የበለጠ ትተፋለች። ስለዚህ ማርሚታውን ስታስገጥም ካርቡራተሩንም አስተካክል።

ጅራቱ ከኋላው ፓራውልት አልፎ ይውጣ። መኪና ስትሄድ ከኋላዋ ያለው አየር ወደ ራሷ ይሳባል፤ ሥሯ የቀረ ጭስ ተመልሶ ይገባል። የወለሉን ቀዳዳዎች ድፈን፣ የኋላውን ሣጥን ላስቲክ ቀይር። ይህ የማርሚታ ሥራ አይደለም ይሉሃል፤ ነው።

9. ፈትሻት

ጠዋት ቀዝቅዛ ሳለች አስነሣትና እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ የሳሙና ውሃ ቀባ፤ የሚያፈላ ካለ ይሾልካል። ወፍራም ጓንት አድርገህ ጅራቱን በጨርቅ ለአንድ አፍታ ብትይዘው ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ይጨነቃል፣ ሊጠፋም ይፈልጋል፤ ምንም ካልመሰለው ጭሱ በሌላ በር እየወጣ ነው። ከሳምንት በኋላ ሥሯ ገብተህ ተመልከት፣ መጋጠሚያው ላይ ጥቁር ጥላሸት መስመር ሠርቶ ካየህ እዚያ ጋ ነው። ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በኋላ ስትቀዘቅዝ ማሰሪያዎቹን ሁሉ እንደገና አጥብቃቸው፤ ብረት ግሎ ሲመለስ ይላላል።

ጠዋት ጠዋት ከጅራቱ ውሃ ቢንጠባጠብና ነጭ እንፋሎት ቢታይ አትደንግጥ፣ ቀደም ብዬ የነገርኩህ ውሃ ነው። የማርሚታው ሆድ ታች በኩል ከፋብሪካ የተበሳ ትንሽ ቀዳዳ ካለ ዝገት መስሎህ እንዳትበይደው፤ ውሃው የሚወጣበት ነው።

ውሃው እንዲደርቅ ግን መሞቅ አለባት። ሰፈር ውስጥ አዙረሃት አትመልሳት፤ አንድ እሑድ ቢሾፍቱ ድረስ ውሰዳት። ያን ቀን እኔንም ጫነኝ። የኋላ ወንበር እቀመጣለሁ፤ መጋጠሚያዎቹ ከዚያ በደንብ ይሰማሉ።